ውሻ እንዲፈልገኝ የተደበቅኩበት ጉዞ

ሎዛን፣ ሐሙስ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ባለፈው ጥር ከሚጦሩት አንዱ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው የቀድሞ ሰዓት ሠሪ፣ በሌሊት ልብስና በቤት ጫማ ወጥተው ጠፉ። ፖሊስ ሲፈልግ አመሸ። እኩለ ሌሊት ላይ አንዲት ሴትዮ ውሻቸውን ይዘው ተጠርተው መጡ፤ ሽማግሌውም ከግቢው ብዙ ሳይርቁ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀርቅረው ተገኙ። ብርዱ ክፉኛ ጎድቷቸዋል፣ ግን ተርፈዋል። እህቴ በማግስቱ ስትጠያይቅ ሴትዮዋ ማን ሆነው ቢገኙ ጥሩ ነው? ከእሷ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። ለዓመታት አሳንሰር ውስጥ «ቦንዡር» ከመባባል አልፈው አያውቁም።

እኔ እንቁጣጣሽን ከእሷ ጋር ላሳልፍ ከአዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሐሙስ ማታ ማዳም (እህቴ የምትጠራቸው እንደዚያ ነው) ሻይ ጋበዙን። በሩ ሲከፈት የተቀበለችን ኔላ የምትባል ጥቁር ላብራዶር ናት። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። የእኛ ሰፈር ውሻ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት በግቢ ነው የሚውል የሚያድረው፤ ሳሎን ብቅ ያለ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ መጥረጊያ ያነሳል። ኔላ ሶፋው ላይ ወጥታ እህቴ ጎን ተጋደመች፣ ማንም ምንም አላላትም። እኔ ሻዬን እንደያዝኩ ወደ ጥግ ተጠጋሁ።

ማዳም የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ውሾች ከሚያሠለጥኑ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው፤ ወሬ አያበዙም። ውሻ አያጥረንም፣ ማሠልጠን የሚፈልግም ሞልቷል፣ ያጣነው የሚደበቅ ሰው ነው አሉ። አንድ ውሻ ለፈተና እስኪደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ አንድ ሰው ጫካ ገብቶ ተኝቶ መጠበቅ አለበት። ሰውየውም መለዋወጥ አለበት፣ አለዚያ ውሻው የሚያውቃቸውን ሰዎች ጠረን ብቻ መፈለግ ይለምዳል። «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ለእኛ ሎተሪ ነው» ሲሉ እህቴ እየሳቀች ተረጎመችልኝ። ለእሑድ ተቀጣጠርን። እስከዚያ ባሉት ሁለት ቀናት የት ብንሄድ ይሻላል ስንላቸው፣ ወደ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ ተራራ ውጡ፣ ስትመለሱ በርን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ደርቆ የቆመውን፣ የሰው ሕይወት በማትረፍ የታወቀውን ውሻ ባሪን እዩት አሉን።

ማርቲኒ፣ ዓርብ መስከረም 9

ከሎዛን እስከ ማርቲኒ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በቀኝ ሐይቁ፣ በግራ እርከን እርከኑን የተተከለ ወይን። ወይኑ የሚለቀምበት ወቅት ስለነበር ገበሬዎቹ ቅርጫት ይዘው ዳገቱ ላይ ተበትነዋል። የእኛን የኮንሶን እርከን ላየ ሰው አያስደንቅም፣ ቢሆንም ያምራል።

ያስቸገረን ምግቡ ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ የገባንበት ቫሌ የሚባለው ክፍለ ሀገር ደግሞ የአይብ አገር። የምሳ ዝርዝሩ የቀለጠ አይብ፣ የተጠበሰ አይብ፣ አይብ ያለበት ድንች ነው፤ ያለ አይብ የቀረበው ደግሞ የደረቀ ሥጋ። እህቴ እዚህ ዓመታት ኖራ ጾሙን በልኩ አድርጋዋለች፤ እኔ ግን እናቴ አዲስ አበባ ሆና የምታየኝ ይመስለኛል። ደግነቱ ቫሌ ጥቁር የአጃ ዳቦ አላት። ከአጃ፣ ከውኃና ከጨው በቀር የሚገባበት ነገር የለም ብላ ሻጯ አረጋገጠችልን። ድብልብሉን ዳቦ በ6 ፍራንክ፣ ሁለት ፒር በ2 ፍራንክ ገዝተን አደባባዩ ላይ በላን። ቡና ግን አንዱ ሲኒ 4 ፍራንክ ከ80 ነው፤ በሰሞኑ ምንዛሪ 860 ብር ገደማ። ያን ያህል ከፍዬ ስኳር ሳልጨምር መነሳት ስለከበደኝ ሁለቱንም ከረጢት ጨመርኩ።

የቅዱስ በርናርድ ውሾች ሞቃቱን ወራት ተራራው ላይ፣ ብርዱን ማርቲኒ ያሳልፋሉ። ለዘመናት ያረቧቸው የተራራው መነኮሳት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ግን በባሪ ስም የተቋቋመ ድርጅት ተረክቧቸዋል። ያየኋቸው ግዙፍ ናቸው። ከ60 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እጄ ላይ ለሀጩን ሲያዝረበርብ በቆምኩበት ደረቅኩ። እህቴ ፎቶ አነሳችኝ፤ ፊቴ የክትባት ወረፋ ላይ ያለ ልጅ ፊት ነው። ተንከባካቢዋ እንዳለችን ዛሬ በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው ፍለጋ እነዚህ አይላኩም። በሄሊኮፕተር የሚጫን፣ ገመድ ላይ የሚንጠለጠል፣ በረዶው ላይ ቀሎ የሚሮጥ ውሻ ነው የሚፈለገው፤ ሥራው ወደ ላብራዶር፣ ወደ እረኛ ውሾችና ወደ ድቅሎቻቸው ሄዷል። በርናርዶቹ በብዛት የአረጋውያን ቤትና ሆስፒታል እየሄዱ ሕሙማን ያጽናናሉ። ከሚወለዱት ወንዶች መካከል አንዱ ግን ምንጊዜም ባሪ ይባላል።

የተራራው ማለፊያ፣ ዓርብ ማታ

አውቶቡሱ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ ወጣ። መኪናው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1964 በተከፈተው ዋሻ ገብቶ ወደ ጣሊያን ያልፋል። አሮጌው መንገድ ላይ የቀረነው እኛ፣ ብስክሌተኞችና አንድ ቤቱን ጎትቶ የሚሄድ ጀርመናዊ ነበርን። ይህንን ዳገት ናፖሊዮን በግንቦት 1800 እ.ኤ.አ. 40 ሺህ ገደማ ወታደር ይዞ ወጥቶታል፤ መድፎቹን የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ አስገብተው በሰው ጉልበት ጎትተዋቸዋል። መድፍ ዐድዋ ላደረሰ ሕዝብ ልጅ በዳገት መጎተቱ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ መንገዱን እያዩ መስማቱ ሌላ ነው።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ምልክቱን አነበብኩት፦ 2469 ሜትር። ሽሮ ሜዳ ከዚህ ይበልጣል! ስንት መንገደኛ የቀበረው፣ ስንት የተጻፈለት አስፈሪ ማለፊያ ከእናቴ ቤት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልዩነቱን ከአውቶቡሱ ስወርድ አወቅኩት። ነፋሱ ጃኬቴን አልፎ አጥንቴ ገባ፤ ጥላው ሥር የቆየ በረዶ አለ። በረዶው ሲበረታ መንገዱ ለወራት ይዘጋል፤ ያኔ የሚደርሰው በበረዶ ሸርተቴ ወይም በበረዶ ጫማ የሚወጣ ብቻ ነው።

የእንግዳ ማረፊያውን እ.ኤ.አ. በ1050 ገደማ የመሠረተው የአኦስታው ቀሲስ በርናርድ ነው። ከዚያ ወዲህ ገዳሙ ሥራው መንገደኛ መቀበል ነው። «ክርስቶስ በዚህ ይመለካል፣ ይመገባልም» የሚል መፈክር አላቸው። በእግሩ ለመጣ ሁሉ ትኩስ ሻይ ያለ ክፍያ ይቀርባል። እኛ በአውቶቡስ መጥተን ለመጠየቅ አፍረን ቆመን ነበር፤ የሚያስተናግደው ወጣት መንቀጥቀጣችንን አይቶ ቀዳልን። ለአልጋ፣ ለእራትና ለቁርስ በሰው 70 ፍራንክ ገደማ ከፈልን። ሎዛን ውስጥ በዚህ ዋጋ አልጋው ራሱ አይገኝም።

እራት በረጅም ጠረጴዛ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ሾርባው ደረሰ፣ ቅቤ አለው። ቀጥሎ መኮሮኒ መጣ፣ አይብ አለው። እህቴ ጾመኛ መሆኔን ለአስተናጋጁ ስትነግር ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ መነኩሴ ሰምተው ተነሡና ወጥ ቤት ገቡ። የተቀቀለ ድንችና ካሮት በዘይት አድርገው በእጃቸው አመጡልኝ። ስንት ቀን እንደምንጾም ጠየቁኝ። ዓመቱን ሙሉ ደምሬ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የታየው ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ሐዘኔታ ነበር።

ስለ ውሾቹ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ውሻ እዚህ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ መጀመሪያ ግቢ ለመጠበቅ። በ1700ዎቹ መባቻ ሥጋ የሚጠበስበትን ብረት የሚያዞር መንኮራኩር ውስጥ ገብቶ ይራመድ ነበር፤ የወጥ ቤት ሠራተኛ ማለት ነው። መንገደኛ የሚያሻግሩት ሰዎች ግን ውሾቹን አስከትለው ሲወጡ አንድ ነገር ተገለጠላቸው፦ ጉም መሬቱን ሲውጠው፣ በረዶ ዱካውን ሲደፍነው፣ መንገዱን የሚያገኘው ውሻው ነው። ከበረዶ ሥር ያለ ሰውም ይሸተዋል። በሁለት መቶ ዓመት ገደማ 2000 ያህል ሰው በእነሱ ተረፈ ይባላል። ያልተረፉት ከማረፊያው አጠገብ ባለች ትንሽ የድንጋይ ቤት ይቀመጡ ነበር። መሬቱ ደርቆ አይቆፈርም፤ ሬሳው በብርዱ እንዳለ ይቆያል፤ ምናልባት አንድ ቀን ዘመድ አልፎ ያውቀው እንደሆነ። ቤቷ አሁን ተዘግታለች።

ከእራት በኋላ ሐይቁን ልንዞር ወጣን። ማዶው ጣሊያን ነው። ግማሽ መንገድ ስንደርስ የእህቴ ስልክ ጮኸ፦ ወደ ጣሊያን ኔትወርክ ተሻግራለች፣ ሒሳቡም መቁጠር ጀምሯል። ስልኳን አጥፍታ እየተነጫነጨች ወደ ስዊዘርላንድ ተመለሰች።

በርን፣ ቅዳሜ መስከረም 10

ጠዋት ውሾቹ ለሽርሽር ሲወጡ አይተን ወረድን። ባቡሩን ሁለቴ ቀይረን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደረስን፤ መግቢያው ከአሥር ፍራንክ ትንሽ ይበልጣል።

ባሪ መስታወት ውስጥ ቆሟል። ትንሽ ነው! በሕይወቱ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ቢመዝን ነው ይላሉ፤ የማርቲኒዎቹ እጥፉን ሊያክሉ ምንም አይቀራቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1800 እስከ 1814 ኖረ፣ ከ40 በላይ ሰው አተረፈ ተባለለት፣ በ1812 ጡረታ ወጥቶ በርን መጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በእርጅና ሞተ። ሊያድነው የሄደው ሰው ተኩላ መስሎት ገደለው የሚለው ታሪክ ፈጠራ ነው። አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለው የአረቄ በርሜልም እንደዚያው። ወሬውን ያሠራጨው አንድ የእንግሊዝ ሠዓሊ በ1820 የሣለው ሥዕል ነው። በርዶት ሊሞት ለደረሰ ሰው አረቄ መስጠት ደግሞ ጉዳት ነው፤ የቆዳውን ደም ሥር ከፍቶ የቀረችውን ሙቀት ያስወጣዋል። ከሁሉ ያስገረመኝ አቋሙ ነው። መጀመሪያ አድርቀው ሲሠሩት አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በ1923 ሲያድሱት ቀና አደረጉት። ጀግና አንገት አይደፋም ብለው ይመስለኛል። እኔ የተደፋውን እመርጥ ነበር፤ ፈላጊ ውሻ አፍንጫው ወደ መሬት ነው።

ያደርነው እህቴ ከቤሩት ጀምሮ የምታውቃት ጓደኛዋ ቤት ነው። ዶሮ ወጥ ሠርታ ጠበቀችን። እንጀራው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ነው፣ አንዱ 2 ፍራንክ ተኩል። ስለ ናዳ ጨዋታ የተነሣው እዚያ ነው። ባደርንበት በቫሌ ብላተን የምትባል መንደር አለች፤ ነበረች ማለት ይሻላል። ግንቦት 20 ቀን 2017 የበረዶ ግግሩ ከነቋጥኙ ወርዶ አብዛኛውን መንደር ደፈነው። ከሳምንት በላይ አስቀድሞ ግን ተራራው መንቀሳቀሱ ታይቶ 300 ያህሉ ነዋሪ ከነከብቱ ወጥቷል፤ አንዲት የቆሰለች ላም በሄሊኮፕተር ነው የወጣችው። የጠፋው አንድ የ64 ዓመት ሰው ነው፤ በኋላ አስከሬኑ ተገኘ።

ባለቤቲቱ ትሪውን እያነሳች «ጎፋስ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ላይ መሬቱ ሲናድ ሰዉ ጎረቤቱን ለማውጣት በአካፋና በእጁ ሊቆፍር ሮጠ፤ ሁለተኛው ናዳ በቆፋሪዎቹ ላይ መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም፤ ለእሑድ ማዳምን የምጠይቃቸው ነገር ተገኘ።

ዦራ ጫካ፣ እሑድ መስከረም 11

ማዳም ከሎዛን ባቡር ጣቢያ በመኪናቸው ወሰዱን። ዦራ ከከተማው በላይ ያለ ሰፊ ጫካ ነው፤ ጥድና የአገራቸው ዛፍ ተቀላቅሎ። የጠበቁን ሰዎች ሰባት ስምንት ይሆናሉ፦ አናጢ፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ተማሪ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ነዳጁ፣ የውሻው ቀለብ፣ ሐኪሙ ከኪሳቸው ነው፤ ከጠፋው ሰው ቤተሰብም ሳንቲም አይቀበሉም። ስልኩ በብዛት የሚደወለው ሌሊት ነው። የሚፈልጓቸው በአብዛኛው እንደ ሰዓት ሠሪው ያሉ አረጋውያን ናቸው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው፣ ማዳም እንዳሉት፣ ፊቱን ባዞረበት አቅጣጫ ይሄዳል፣ አንድ ነገር እስኪይዘው ድረስ አይቆምም። ስለዚህ መንገዱ ላይ ሳይሆን እሾሁ ውስጥ፣ ቦዩ ውስጥ ነው መፈለግ። በዚህ ወቅት ደግሞ እንጉዳይ ለቀማ ወጥቶ የሚጠፋ አለ።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዱካ መከተል ነው፤ ውሻው የጠፋውን ሰው ልብስ አሽትቶ፣ ደረቱ ላይ ባለው ማሰሪያ በረጅም ገመድ ተይዞ፣ የዚያን ሰው ጠረን ብቻ ይከተላል። ሁለተኛው ጫካ ማሰስ ነው፤ ውሻው ተለቅቆ፣ ቃጭል አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ነፋስ የሚያመጣለትን ማንኛውንም የሰው ጠረን ይፈልጋል። ሰው ቆዳው ሳይታወቀው ሁልጊዜ ይረግፋል፤ ቅንጣቱ በነፋስ ይሄዳል፣ ሣር ላይ ይቀራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል።

መጀመሪያ ዱካው። ባርኔጣዬን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ተቀበሉኝ፣ ካርታ ሰጡኝ፣ ተሸኘሁ። በመንገዱ ሄጄ፣ ድልድይ ተሻግሬ፣ በስተግራ ወደ ጫካው ገብቼ አንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ እንድተኛ ነው። ኪሴ ውስጥ የጥርስ ሳሙና በመሰለ ቱቦ የታሸገ የጉበት ቅባት አለ፣ የኔላ ሽልማት። መዥገር እንዳይገባብኝ ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ አስገብቻለሁ። እህቴ ስታየኝ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ተኝቼ ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ሯጭ አገኘኝ። ጫካ ውስጥ ግንድ ሥር የተጋደመ ጥቁር ሰው ሲያይ ቆመ። ፈረንሳይኛዬ ሰላምታ ላይ ያልቃል። «ውሻ፣ ልምምድ» ለማለት ሞከርኩ፤ ስልኩን አወጣ። ፖሊስ ሊጠራ ነው ብዬ ቀና ስል ማዳም የሰጡኝ ካርድ ትዝ አለኝ፤ የፍለጋ ልምምድ ላይ መሆኔን የሚገልጽ ነው፣ ከነስልክ ቁጥራቸው። አንብቦ ሳቀ፤ አውራ ጣቱን አሳይቶኝ ሮጠ። በኋላ ስነግራቸው ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል አሉኝ። በሁሉም ላይ እኩል እንደማይደርስ ተማሪዋ በለሆሳስ ጨመረችበት፤ ወላጆቿ ከኮንጎ የመጡ ናቸው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ኔላን አየኋት። እኔ ከሄድኩበት መንገድ አምስት ስድስት ሜትር ወጣ ብላ፣ ከቦዩ ማዶ እየተጓዘች ነው። የታጠፍኩበትን ቦታ አለፈችው። ማዳም ገመዱን አልጎተቱም፣ ዝም ብለው ቆሙ። ጭንቅላቷን አነሳች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ከዚያ በቀጥታ መጥታ ደረቴ ላይ ወጣች። ነፋሱ ጠረኔን ወደ ቦዩ ገፍቶት ስለነበር እሷ የተከተለችው እሱን ነው፤ የእግሬ ኮቴ ጉዳይዋ አይደለም። «እሷ ትክክል ናት፤ የሚሳሳተው ገመዱን የያዘው ነው» አሉ ማዳም። ደስታዬን ጮክ ብዬ እንድገልጽላት ታዘዝኩ፤ የተፈላጊው ደስታ ለውሻው ከጉበቱ እኩል ዋጋ አለው። «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ እናት!» አልኳት በአማርኛ። ቱቦውን ከእጄ ላሰች፤ እኔም አልሸሸሁም።

ምሳ ላይ የጎፋን ጠየቅኩ። አናጢው ነው የመለሰው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሄዱ ውሾችን ያሠለጥናል። የፈረሰ ሕንፃ ውስጥ ክፍተት አለ፤ ሰው ይተነፍሳል፣ ጠረኑም በስንጥቁ ይወጣል። እርጥብ ጭቃ ግን ይደፍናል፤ ለሰውየውም ለጠረኑም መውጫ የለውም። ውሻ ቢኖር ጥቂት ቦታ ላይ የት እንደሚቆፈር ያመለክት ይሆናል እንጂ የሞተውን ሁሉ አያተርፍም አለኝ። ከዚያ እሱ ጠየቀኝ፦ ተራራውን የሚያይ ሰው ነበር? ቆፋሪዎቹን ውጡ የሚል ነበር? መልስ አልነበረኝም። ማጽናኛ ከመናገር ይህን በመጠየቁ ግን አከበርኩት።

ከሰዓት በኋላ የተማሪዋ ወጣት ውሻ ተራ ነበር፣ ጫካ ማሰስ። ማዳም ከጠርሙስ ዱቄት ረጭተው ነፋሱን አዩ። ቀን አየሩ ሲሞቅ ጠረን ዳገት ይወጣል፤ ምሽት ሲበርድ ደግሞ ሸለቆ ለሸለቆ ይወርዳል፤ ያሉበትን ሰዓት ሳያውቁ ውሻ መልቀቅ ድካም ነው። በዚህኛው ዙር እህቴም ተደበቀች። ቃጭሉ ሲቀርብ ሲርቅ፣ ሲቀርብ ሲርቅ ቆየ። እኔን አገኘኝ፤ ተቀምጦ ጮኸ፣ ተማሪዋ እስክትደርስ አላቆመም። እህቴን ግን አጣት። ደክሞታል፣ ምላሱ ወጥቷል። ይበቃዋል ብዬ ስጠብቅ ተማሪዋ እህቴን በሬዲዮ ጠርታ በቅርብ ያለ ዛፍ ጀርባ ቆማ እንድትጠብቅ አደረገች። ሕፃን እንኳ በሚያገኛት ቦታ! ውሻው ሮጦ ሄዶ አገኛት፣ ሁላችንም አጨበጨብን፣ ጉበቱን በላ። ሳያገኝ ወደ ቤት የሚሄድ ውሻ በሚቀጥለው ሳምንት የመፈለግ ወኔው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የልምምዱ ቀን ሁልጊዜ በማግኘት ያበቃል።

ማታ እህቴ ቤት መዥገር ስንፈታተሽ እኔ ነጻ ወጣሁ፣ እሷ ጉልበቷ ሥር አንድ ተገኘባት። ማዳም ከታች በመንቀያ መጥተው ነቀሉላት፤ ቀኑን በእስክሪብቶ እግሯ ላይ ጻፉ፣ ቆዳው ከቀላ ሐኪም ጋ እንድትሄድ። ለጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ተመዝገቢ ሲሏትም እሺ አለች። የእኔ በረራ ረቡዕ ነበር፤ በመንገዴ ላይ ለእናቴ የአጃ ዳቦ ገዛሁ፣ ዓርብ ትበላዋለች።